መምህር ንዚዮካ ዝም ያለባት ነብር

አፖንዲ ፀጉር ሠሪ ናት። መምህር ንዚዮካ ይህንን ለራሱ በቀን አሥር ጊዜ ይነግረዋል። የአራዊት መጽሐፍ አገላብጣ የማታውቅ፣ ናይሮቢ ቡሩቡሩ ሰፈር ከጠዋት እስከ ማታ ሹሩባ ስትሠራ የምትውል ሴት። ካሜራ አያያዝ ያሳያት እሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ ፎቶ ማኅበሩ መጥታ "መምህር፣ ይቺን ነገር ያስተምሩኝ" ስትለው፣ የሌንሱን ክዳን እንኳ ሳታነሳ ነበር ፎቶ ላንሳ የምትለው።

ማኅበሩ በየዓመቱ ከአባላቱ ፎቶዎች አንዱን ይመርጥና በር አሳክሎ አሳትሞ በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ መግቢያ ላይ ይሰቅላል። ንዚዮካ ያቺን ግድግዳ ስምንት ዓመት ተመኝቷታል። ባለፈው ዓመት የተሰቀለው የአፖንዲ ፎቶ ነው፤ ልጇን የምትልስ ጅብ። ጅብ! ሰው አይቶ የሚሸሸውን አውሬ አንስታ አዳራሹን ሙሉ አስለቀሰችው። ንዚዮካም ከሰው ጋር አጨበጨበ፤ ቤቱ ሲገባ ግን እራት አልበላም። ሚስቱ ምን ሆንክ ብትለው "ባሳደግሁት ውሻ ተነከስኩ" አላት።

"ውሻው ምን አጠፋ?" አለችው። "አስተማርከው፣ ተማረ።"

ዘንድሮ ማኅበሩ አራዊት ሊያነሣ ለአራት ቀን ማሳይ ማራ ፓርክ ሲወርድ ዕጣው ሁለቱን አንድ መኪና ላይ ጣላቸው። በሦስተኛው ቀን የንዚዮካ አንጀት እርር ድብን ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንበሳዋ ያዛጋችው ወደ አፖንዲ ዞራ ነው። በማግስቱ ንስሩ እባብ አንጠልጥሎ የተነሣው በእሷ በኩል ነው። እሱ በዚያ የመኪና ዋጋ በፈጀ ሌንስ እስካሁን የሰበሰበው የአንበሳ ጀርባና የሦስት ቀጭኔ ቂጥ ነው።

"እንዴት አደሩ መምህር?" አለችው ጠዋት፣ ማንዳዚ የሚሉትን ጥብስ ሊጥ እየገመጠች። "ለእርስዎም ይዤልዎታለሁ። ሳይበሉ እንደሚወጡ መቼም አውቃለሁ።"

"አልራበኝም።"

"እሺ፣ ሲርብዎት ይጠይቁኛል።"

ሹፌራቸው ፓርሳሎይ፣ እዚያው ማራ ተወልዶ ያደገ ማሳይ፣ በመስተዋት እያያቸው "እትዬ አፖንዲ፣ የመምህር ፊት ዛሬ ደህና አይደለም። አንበሶቹን እንዳያስደነግጡብኝ ብቻ!" አለ። አፖንዲ ከት ብላ ሳቀች። ንዚዮካ ሳቋንም ጠላው።

ረፋዱ ላይ አንዲት አቦ ሸማኔ በስተቀኝ ካለ ኩይሳ ላይ ወጥታ ቆመች። ስድስት መኪና ዙሪያዋን ከበበ፤ ሌንሱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አፖንዲም ጣሪያው በተከፈተው መኪና ከንዚዮካ ፊት ቆማ በቀኝ በኩል ታነሳለች። እሱ ከኋላ ሆኖ የሞላበትን ሚሞሪ ሲቀይር ነበር፤ ድንገት ቀና ሲል በስተግራ ወደ ፊት ያለው ቁጥቋጦ ተንቀሳቀሰ።

ነብር ናት። ልጇን በማጅራቱ ነክሳ፣ አንጠልጥላ ወጣች። ሃያ እርምጃ አትርቅም።

በዚያ መኪና ላይ አንድ ሕግ አለ፤ አውሬ ያየ ሰው አቅጣጫውን በሹክሹክታ ይናገራል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ንዚዮካ ነው። "ግራ" ብሎ አንዲት ቃል መተንፈስ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አፉን ከፈተ። ብነግራት ታነሳለች፤ እሷ ካነሳች ደግሞ ግድግዳው ዘንድሮም የእሷ ነው ሲል አሰበና አፉን መልሶ ዘጋው።

ካሜራውን አነሣ። ዓይኗን፣ ዓይኗን ብቻ ያዝ እያለ ራሱን አዘዘ። አሥራ አንድ ጊዜ አነሣ፤ የካሜራው ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ማንም አልለየውም። ነብሯ በአፍታ ሸለቆው ውስጥ ገባች።

"ምን አገኙ መምህር?" አለች አፖንዲ ዞር ብላ።

"ሣር። ብርሃኑን ልሞክር ብዬ ነው።"

"እርስዎ ካነሱትማ ሣሩም ያምራል።"

ንዚዮካ እያሾፈችበት ይሁን አይሁን አላወቀም። ቀኑን ሙሉ በሆዱ ጮቤ ሲረግጥ ዋለ። አንዴ ብቻ በባርኔጣው ከልሎ፣ አጉልቶ የነብሯን ዓይን አየ። ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። አፖንዲ አሻግራ እንዳታይበት ፈርቶ ቶሎ ስክሪኑን አጠፋና ካሜራውን ከቦርሳው ከተተ። ግድግዳው ላይ ከሥሩ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ እንኳ አሰበ።

ከእራት በፊት የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ዶክተር ሃሪሽ የሚባሉት የጥርስ ሐኪም፣ በመመገቢያው ድንኳን ውስጥ ነጭ አንሶላ አስወጥረው ፕሮጀክተሩን አበሩ። አፖንዲ አቦ ሸማኔዋን አሳየች። ደህና ፎቶ ነው፤ ከደህና አያልፍም። ንዚዮካ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብበት አገጩን አሻሸ።

"እኔ ዛሬ" አለ ተራው ሲደርስ፣ "ሌላ ሰው ያላየውን ነው ያየሁት።"

ሁለት የነብር ዓይኖች አንሶላውን ሞሉት። ድንኳኑ "ኡ!" አለ።

"አፏን የሸፈነው ምንድን ነው?" አሉ ዶክተር ሃሪሽ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

ከዓይኖቿ በታች አንድ ብርቱካናማ፣ ድብዝዝ ያለ ትልቅ ነገር ተጋርጧል።

"ልጇን ነክሳለች" አለ ንዚዮካ።

"የቱ ጋ?"

ሁለተኛውን አሳየ፤ ሦስተኛውን። ብርቱካናማው ነገር አለ። በሰባተኛው ላይ የልጁ አንድ ጆሮ ብቅ ብላ ታየች፤ በስምንተኛው እሷም ጠፋች። አሥራ አንዱም አለቀ።

"ይሄማ የእትዬ ሻሽ ነው!" አለ ፓርሳሎይ ከበሩ በኩል፣ ምን እንደተናገረ ሳያስበው።

አፖንዲ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ቀኑን ሙሉ ጠምጥማው የዋለችው ብርቱካናማ ሻሽ አሁንም እዚያው አለ። ሰው ሁሉ ነገሩ ገባው፤ ከፊቱ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆማ ነበር ማለት ነው፣ እሱም አይቶ ዝም ብሏታል ማለት ነው። ንዚዮካ ስድቧን ጠበቀ፤ መልሱንም አዘጋጀ። ነገሩ ድንገት የሆነ ነው፣ ጊዜ አልነበረም ሊል ነው።

አፖንዲ ተነሥታ ወደ አንሶላው ቀረበች። ዓይኖቹን ትክ ብላ አየቻቸው።

"መምህር" አለች፣ "ምነው ግራ ቢሉኝ? ዝቅ እልልዎት ነበር እኮ!" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ወይኔ፣ እንዴት ያለውን ፎቶ አበላሸሁብዎት!"

ንዚዮካ በድምጿ ውስጥ ሽሙጥ ፈለገ። ብታሽሟጥጥ ይቀለው ነበር። አጣ። ሴትዮዋ የምሯን፣ ለእሱ ፎቶ ነው የምታዝነው። አጠገቡ መጥታ ክንዱን ያዝ ስታደርገው፣ እሱ ለእሷ እንዲህ ሊያዝን እንደማይችል፣ አዳራሹ ሁሉ ላለቀሰላት ጅብም እንዳላዘነ፣ መቼም ቢሆን እንደማይችል አወቀ፤ በሕይወቱ ቀንቶ የማያውቀውን ያህል ያን ጊዜ ቀናባት።