የአሻፈረኝ መንጋጋ

«ሙሄ! ውሻው ገመዱን በጥሶ ሄዷል!»

ሩቂያ ይህን ስትጮህ ባሏ ሙሄ ለጁምዓ ሶላት ውዱእ አድርጎ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ ነበር። ሮጦ ወጣ። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር የቀረው የታኘከ የናይለን ገመድ ብቻ ነው። ክው አለ።

ክው ቢል አይፈረድበትም። ሰሞኑን የቀበሌው መኪና በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ ነበር የሰነበተው። እብድ ውሻ ሰው ስለነከሰ ሐሙስና ዓርብ ሌሊት የተመረዘ ሥጋ በየቦዩ ይጣላል፤ ውሻ ያለው ይሰር። ሰው ሁሉ ሰንሰለት ፍለጋ ሲራኮት ከሸዋ ሮቢት ገበያ ሰንሰለት የሚባል ነገር ጠፋ። ሙሄ ዘግይቶ ደረሰና ገመድ ገዝቶ ተመለሰ። የሐሙሱ ሌሊት እንደምንም አለፈ፤ ገመዱ ግን ረፋዱን አልዘለቀም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የዚህን ቡችላ ስም ግን ያወጣችው ሩቂያ ናት። አሻፈረኝ አለችው። «ና» ሲሉት ይሄዳል፣ «ሂድ» ሲሉት ይጋደማል። አፍንጫው አንዴ መሬት ከነካማ ጥሩምባ ቢነፋም አይሰማ። ያን መሬት የሚጠርግ ጆሮ ተሸክሞ አለመስማቱ ነው የሚገርመው! ያመጣው ጎረቤታቸው ግርማ ነው። ግርማ በመንገድ ሥራው ካምፕ ሾፌር ነበረ፤ ካምፑ ሲነሳ የፈረንጁ መሐንዲስ አዳኝ ውሻ ከወለደቻቸው አንዱን በጃኬቱ ጠቅልሎ ከች አለ።

«ይሄ ሲያድግ ከርከሮ ካሸተተ ጀውሃ ድረስ ነው የሚያሳድደው» አለ።

ሙሄ ደስታውን አልቻለውም። ባለፈው ዓመት ከወንዙ ዳር ያለውን የማሾ ማሳውን ከርከሮ ገብቶ እንደ ትራክተር አርሶበት ነበር። ዘንድሮም ከተደገመ ልጆቹን የሚያበላው የለውም።

ችግሩ ሌላ ነው። የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ሙሄ በዚህ ያደገ ሰው ነውና ቡችላውን በእጁ ነክቶት አያውቅም። ታዲያ ሳይነካ እንዴት ያሠልጥነው? የራሱን ዘዴ ፈጠረ። ከረጅም ዱላ ጫፍ ላይ ደረቅ ቆዳ ያስራል፣ ለቡችላው ይዘረጋለታል፣ ሲነክስለት ይጎትታል። ቡችላው ጥርሱን ነክሶ እምቢ ባለ ቁጥር «ጎበዝ! ያዝ! ጭራሽ እንዳትለቅ!» ይለውና ሳንባ ይወረውርለታል። በዚህ በዚህ መንጋጋው የብረት ወጥመድ ሆነ።

ግርማ አንድ ቀን በአጥር ላይ ሆኖ አይቶ ሳቀ። «አንተ፣ መልቀቅም አስተምረው እንጂ!»

«ከርከሮውን ሊይዝልኝ ነው የማሳድገው፣ ሊለቅልኝ ነው እንዴ?» አለው ሙሄ።

አሁን ባልና ሚስት ቦዩን ተከትለው እየሮጡ ነው። ድልድዩ አጠገብ አንድ ቀይ ውሻ እግሮቹን ዘርግቶ ደርቋል። ሩቂያ አፏን በሻሿ ያዘች። ሙሄ ቀና ብሎ ማየት ፈራ፤ ቀጥሎ የሚያየው የራሱን እንዳይሆን።

አሻፈረኝን ያገኙት ከጎሚስታ ቤቱ ጀርባ ነው። ቆሟል። ጭራውን ይቆላል። በአፉ ግን የጡጫ ያህል ሙዳ ሥጋ ይዟል፤ ከሥጋው የተንጠለጠለ ጅማት አገጩ ሥር ይወዛወዛል።

«ያ አላህ! ጣል! ጣለው!» ሩቂያ ጮኸች።

ሙሄ ዘሎ ጅማቱን ያዘና ጎተተ። ቡችላው ዓይኑ በራ። ጨዋታው መጣለት! የኋላ እግሮቹን ተክሎ፣ እያጉረመረመ ጥርሱን አጠበቀ። ሙሄ በጎተተ ቁጥር እሱ ይብስበታል።

የመኪና ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣው ግርማ ጩኸቱን ሰምቶ ብቅ አለ። «አትጎትት! ሙሄ፣ ተው! መርዙ እመሃሉ ነው፤ በጥርሱ ቢያፈርጠው አለቀለት!»

ሙሄ ጅማቱን ለቀቀ። ግርማ እጁን ዘርግቶ ሊጠጋ ሲል ቡችላው ወደ ኋላ ሸሸና ሥጋውን በአፉ ውስጥ አገላበጠው። ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ።

«እኔን አያስጠጋኝም» አለ ግርማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ ነህ ጌታው። መንጋጋውን በጣትህ ከፍተህ አውጣለት። ሌላ መላ የለውም።»

ሙሄ እጁን አየ። በውዱእ የታጠበ እጅ፣ ነጭ እጅጌ። ውሻ እንዳይነካ አድርገው ያሳደጉት አባቱ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። ደግሞ ቡችላውን አየ፤ ሞኝ፣ የተማረውን በደንብ ያደረገ፣ ጎበዝ እስኪሉት የሚጠብቅ። አንጀቱን በላው። የማስተማሩ ጥፋት የማን ሆነና!

«ሙሄ፣ ይታጠባል እኮ!» አለች ሩቂያ እያለቀሰች። «እጅ ይታጠባል! ነፍስ ግን...»

አላስጨረሳትም። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «ና አባዬ፣ ና» አለና ግራ እጁን ከአንገቱ ሥር ሰደደ። የቡችላው ቆዳ እንደዚያ የሚለሰልስ አልመሰለውም ነበር። አልጎተተም። ቀኝ ጣቶቹን ከጥርሱ መጨረሻ፣ ክፍት ካለችው ስንጥቅ አስገባ። ሞቅ ያለው ምራቅ እስከ ክንዱ ወረደ። ጥርስ አውራ ጣቱን ቧጨረው። ቡችላው ተወራጨ፤ ሙሄም «ልቀቅ፣ ልቀቅ የኔ ልጅ» እያለ መንጋጋውን ቀስ በቀስ ከፈተው። ሥጋው ዱብ አለ።

ግርማ በእንጨት ገለበጠው። መሃሉ በክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ አልተፈታም።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙሄ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አሻፈረኝ ተበደልኩ ብሎ አኮረፈና ፊቱን አዞረ። ግርማ ሥጋውን ሊቀብር አካፋ ፍለጋ ሄደ።

ሙሄ ቡችላውን ተሸክሞ ቤት ሲደርስ ሩቂያ ቀድማ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውኃና በሳህን አፈር ይዛ ጠበቀችው። ሌላ ጀለቢያም አውጥታለች።

«ቶሎ በል። አዛን ሊል ነው።»

ሙሄ እጁን ለውኃው ዘረጋ። ከዚያ መልሶ ሰበሰበው።

«ዛሬ ሌሊትም እኮ ይጥላሉ» አለ። «ገመድ እንደሆነ ይበላዋል።»

«እና?»

«ከታጠብኩ በኋላ ደግሞ የምነካው አይመስለኝም። ራሴን አውቀዋለሁ።» ቡችላውን ከፊቱ አስቀመጠው። «ገና ጊዜ አለ። መልቀቅ ላስተምረው፤ እስቲ ቁራጭ ሳንባ አምጪልኝ።»

ሩቂያ ማንቆርቆሪያውን ከመሬት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ጭቃ በነካው እጁ የቡችላውን አገጭ ያዘ።