የሎኒ መፍቻዎች

ሮንዳ ከሥራ ስትመለስ ባሏ ሎኒ የመፍቻ ሳጥኖቹን የወንድሙ የዴል ፒካፕ ላይ ሲጭን ደረሰችበት።

«ልትሄድ ነው?»

«አዎ፤ ሳይመሽ ልድረስ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ እራት ሥሪ።»

«ሃያ ዓመት አብረን ኖረን፣ እራት ሥሪ ነው የምትለኝ?»

ይኼኔ ሎኒ ሳጥኑን አስቀመጠ። «ምን ሆነሻል? እዚሁ እስከ ዴል ጎተራ ነው እኮ የምሄደው! ሰኞ ዕዳውን መክፈል አቃተን ብለን ኪሳራ ስናውጅ ፍርድ ቤቱ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል። አልጋችንን፣ የጣትሽን ቀለበት ሳይቀር።»

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«ማን ያላለ አለ? ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ነግሮኛል።»

ዴል ከመሪው ጀርባ ሳቀ። «አይዞሽ፣ የሽያጭ ወረቀት ተፈራርመናል። መፍቻው አሁን የኔ ነው።»

ሎኒ ልቡን ታክሞ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ዕዳው አናታቸው ላይ ወጥቷል። የሮንዳ ደመወዝ ዕዳው ላይ ስለሚያልቅ የሚበሉት ሎኒ ከቤቱ ጀርባ ትራክተር እየጠገነ በሚያገኘው ነው። ያለ መፍቻ ደግሞ ሎኒ ምንም ነው።

በማግስቱ ሮንዳ ጠበቃቸው ዘንድ ሄዳ ይህንኑ ነገረቻት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«የመተዳደሪያ መሣሪያውን ሕጉ ይተውለታል እኮ! የእናንተን አልጋ ማን ይፈልጋል? አደጋው መደበቁ ነው። ይህን ሸሽጋችሁ ብትፈርሙ ዳኛው ዕዳውን አልሰርዝም ሊላችሁ ይችላል።»

ሮንዳ ተናዳ ወጣች። የተናደደችው በሎኒ ብቻ አልነበረም። ዕዳ ሰብሳቢዎቹ እራት ላይ እንኳ እየደወሉ ሁሉንም እንወስዳለን ብለው ሲያስፈራሩት፣ ከተማው ያንኑ ሲደግምለት፣ ሕጉን ገልጦ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ታሞ የተነሣ ሰው እንደ ሌባ የገዛ ንብረቱን ሲያሸሽ ያፈረው እሱ ብቻ ነው።

በቀጥታ ወደ ዴል ነዳች። በሎኒ መፍቻ የራሱን መኪና ሲፈታ አገኘችው።

«መልስ።»

«ወረቀት አለኝ፣ ሮንዳ። የከሰረ ሰው መፍቻ ምን ያደርግለታል?»

«እንግዲያው ወረቀቱን ይዘህ ና። በስንት እንደገዛኸው ለዳኛው ትናገራለህ።»

«እኔን ከዳኛ ጋር ምን አገናኘኝ?»

«ፊርማህ።»

ዴል መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። ሳጥኖቹን ግን እሷ ራሷ ጫነቻቸው፤ አላገዛትም።

ሰኞ ሎኒ፣ ጠበቃዋ ያለችውን ከሮንዳ ሰምቶ፣ መሣሪያውን ለወንድሙ ሰጥቶ እንደነበርና እንደተመለሰለት ሳይደብቅ ተናግሮ ፈረመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዕዳው ተሰረዘ። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፤ ቀለበቷንም ሊወስድ የመጣ የለም።