የፈንታነሽ ካሴት

«ፎቶዋን ስጭኝ ልጄ፤ አገር ይወቃት» አለ ምንይሉ፣ የተሰጠውን ንፍሮ በእጁ እንደጨበጠ።

ብሩክታይት ክው አለች። የእናቷ የፈንታነሽ ሠልስት ነው። ድንኳኑ በቢቸና ሴቶች ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አጎቷ መሪጌታ ባንተአምላክ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ምንይሉ የሞጣ ካሴት ነጋዴ ነው። ከፈንታነሽ ጋር ምን ይሠራ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ቢያንስ እሷ የሚመስላት እንደዚያ ነው።

«ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ጋሼ።»

«የመጨረሻው ካሴት ገና አልወጣም። ሽፋኑ ላይ ስሟንና መልኳን ላድርግበት። እንዲህ ያለች ሴት ሳትታወቅ አፈር ትልበስ?» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መቆጣቱ በቀለላት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሞጣ፣ ሰርግ ላይ ነው። ፈንታነሽ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ነበረች፤ አንደበቷ ግን ለጉድ ነው። ሙሽሮችን ስትመክር የአልጋውን ነገር በግጥም አዋዝታ ታወርደዋለች፤ የማያፍር አልነበረም፣ የሚቀየምም አልነበረም። ይህን የሰማው ምንይሉ ቴፑን ተሸክሞ ቢቸና ድረስ መጥቶ ለመናት። እሺ አለችው፣ ግን በልኳ። የሚሸጠው ለባለትዳር ብቻ ነው፤ የሰው ስምና የሰው ጓዳ አይነሳበትም። «ድምፄን እንጂ ፊቴን አልሸጥም» ብላም ስትቀዳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግ ነበር፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር እንኳ። አንድ የሞጣ ሀብታም ቤቴ መጥተሽ ለወዳጆቼ ተጫወችልኝ ብሎ ቢልክባት፣ «የተቀዳው ይበቃዎታል» ብላ መለሰችለት።

ብሩክታይት ጉዱን የደረሰችበት ራሷ ስትዳር ነው። ባሏ ከሞጣ የገዛውን ካሴት በኩራት ከፈተው።

*ቀስ በል ሙሽራው፣ ሌሊቱ ረጅም፣*
*በጥድፊያ የወጣ ወጥ አይጣፍጥም።*
*ቀስ በል! ቀስ በል!*

የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ከአልጋው ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ባሏ ምን ሆንሽ ቢላት ሆዴን ነው አለችው።

በማግስቱ እናቷ ዘንድ ሮጠች። ፈንታነሽ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ኮስተር አለች። «ነጠላው ፊቴ ላይ ካለ ሥራ ላይ ነኝ። ሲገለጥ እናትሽ ነኝ። እንዳታደባልቂብኝ።» ብሩክታይትም ለማንም ላትናገር ቃል ገባች።

አሁን ግን ልቧ ተከፈለ። በቀብሩ ዕለት በተነበበው የሕይወት ታሪክ እናቷ ጥጥ ፈታይ ብቻ ነበረች። ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ያ ሁሉ ሳቅ የት ገባ? ጠረጴዛው ላይ በክፈፍ የቆመውን ፎቶ አየችው፣ እጇንም ዘረጋች። ከዚያ ሰበሰበችው።

«ድምፁን ይሽጡ፣ ጋሼ። ፊቷን ግን አልሰጥዎትም። የእኔ አይደለም።»

ምንይሉ አንገቱን ደፋ። ይኼኔ የፈንታነሽ የልብ ወዳጅ እትዬ አገሬ ከመሐል ብድግ ብለው ሙሾ ማውረድ ጀመሩ።

«ፈንታነሽ እህቴ፣ የጥጡ ፈታይ፣
ምነው ተጣደፍሽ ወደዚያ ሰማይ...»

ሐዘን ያደናገረው ጉሮሮ ነውና፣ «ተጣደፍሽ» ሲሉ ዜማው ከእጃቸው አመለጠ። ሙሾው ወደ ካሴቱ ዜማ ገባ። ድንኳን ሙሉ ሴት፣ እንባዋን እየጠረገች፣ ባንድ አፍ ተቀበለቻቸው።

«ቀስ በል! ቀስ በል!»

ከዚያ ጸጥ አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብሩክታይት ወደ አጎቷ ለመዞር እንኳ ፈራች።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምነው ዝም አላችሁ? ወጡስ የታለ?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። አንዷ ጭኗን መታች፣ ሌላዋ ጎረቤቷ ላይ ተደፋች። ምንይሉ ንፍሮውን በተነው።

«እትዬ አገሬ፣ ታውቁ ነበር?» አለች ብሩክታይት።

«ከመጀመሪያው ካሴት ጀምሮ ነው እንጂ! እዚህ ያለነውን ሁሉ በትዳር ያቆየን እኮ የሷ ምክር ነው።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላላችሁም!»

«ተሸፍና ነበራ» አሉ እትዬ አገሬ። «የተሸፈነ ሰው ማን ይገልጣል?»

ምንይሉ እየሳቀ እንባውን ጠረገና፣ «በቃ፣ ሽፋኑ ባዶ ይሁን» አለ። «የሚያውቃትስ ያውቃታል።»

ብሩክታይት እናቷ ትታላት የሄደችውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ፎቶው ላይ ጣል አደረገችው፤ ጠርዙንም እናቷ ታደርገው እንደነበረው ቀስ ብላ አስተካከለችው።

«በሉ ቀጥሉ» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «እማዬ ሥራ ላይ ናት።»