የግራ ኪስ

...ደግሞ እኮ ፈገግ ብሎ ነው የሰጠኝ፣ የአንተ እጅ ለእንዲህ ያለ ነገር የተባረከ ነው ብሎ፣ የተባረከ፣ እጄስ አመድ አፋሽ ነው እንጂ ምን የተባረከ ነው፣ አዲስ ሰንጢ፣ ከተገዛ ሳምንት ያልሞላው፣ ኪስ ጠርዝ ላይ የምታንጠለጥለው ቀጭን ብረት ላልታ እንደ ወተት ጥርስ ትወዛወዛለች፣ በጣቴ ነካ ሳደርጋት ቀጭ፣ ነካ፣ ቀጭ። እሁድ ከሰዓት ነው፣ የእህቴ ቤት፣ የእህቴ ጠረጴዛ፣ የእህቴ ባል ሰንጢ። እሱ መኝታ ቤት ጋደም ብሏል፣ እሷ ጓዳ ዕቃ ታጥባለች፣ እኔ ካቻቢቴ ይዤ የጠላቴን ሰንጢ እጠግናለሁ፣ ከዚህ በላይ ቂልነት ካለ ንገሩኝ።

ጠላቴ። ቃሉ ከበደኝ እንዴ፣ አልከበደኝም። ድሮ ጋሼ ነበር የምለው፣ ጋሼ ማለት ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ሠራተኛው ሊፍቱ ይለዋል፣ ብረት ላይ ሲወጣ እግሩ የሚነካ አይመስልም ብለው፣ እኔም አሁን በሆዴ ሊፍቱ ነው የምለው፣ ሊፍት ደግሞ ይወጣል ብቻ ሳይሆን ይወርዳል፣ እሱን ቀን ነው የምጠብቀው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተንጠልጥለን የማስታወቂያ ሸራ ወጥረናል፣ የሳሙናውን፣ የባንኩን፣ የዚያችን ጥርሷ የሚያምር ልጅ፣ አንዷ ጥርስ ብቻ የኔን ቁመት የምታህል፣ እሱ ቀኙን እኔ ግራውን፣ ገመድ መቁረጥ፣ መሳብ፣ ማሰር፣ ገመድ መቁረጥ። ከብረቱ ጋር የሚያስረንን ቀበቶ እንዴት እንደሚታጠቅ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህንንም አልክድም።

ትንሿ ካቻቢቴ የት ገባች፣ ጫፏ ኮከብ የሆነችው፣ ይኸው። ሦስት ብሎኖች ናቸው፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ የመጀመሪያዋ ሳልነካት ትዞራለች፣ ሁለተኛዋ ጭንቅላቷ ተበልቷል፣ ማን ነው እንዲህ የተጫወተባት፣ ሦስተኛዋ ጠማማ ገብታለች። ለዚህ ነው የላላው። አዲስ ዕቃ በሳምንት እንዲህ አይሆንም፣ የነካካው ሰው አለ።

የኛ ሥራ አንድ ሕግ አለው፣ ማንም አልጻፈውም፣ ዕቃ ከእጅህ ካመለጠ ራስ ብለህ ትጮኻለህ፣ ታች ያለው አንገቱን ቀብሮ ግድግዳ ይጠጋል፣ የጣለ ይጮኻል፣ የጮኸ ጥሏል፣ በቃ። የዛሬ ሦስት ወር፣ ያን ቀን፣ የኔን ቢላ ቤት ረስቼ ነበር፣ ሰው ነኝ እረሳለሁ፣ በእሱ ቢላ ተራ በተራ ነበር የምንሠራው፣ ቆርጬ ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ፣ ንፋሱ ሸራውን ያስጓራዋል፣ ከዚያ ጥቁር ነገር በጉልበቴ አጠገብ ሲያልፍ አየሁ፣ ቢላው፣ ተከፍቶ፣ እየተገለባበጠ፣ ቀና ብዬ አየሁት፣ አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም፣ ጩኽ እንጂ ሰውዬ፣ አይጮኽም፣ ታች የመኪናችን ሾፌር ገመድ ይዞ ቆሟል፣ ኮፍያ እንኳን የለውም፣ ራስ ብዬ ጮኽኩ። እኔ። ሾፌሩ ዘወር አለ፣ አናቱን ሊመታው የነበረው ትከሻውን መታው፣ ሰባት ስፌት። ሰው አዳንኩ እኮ፣ ሰው ነው ያዳንኩት። አለቃ መጣ፣ ማን ነው የጮኸው አለ፣ ሁሉም ጣቱን ወደኔ፣ እሱ ነው። አለቃ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እኔ ሊፍቱን አየሁት፣ ሊፍቱ ጫማውን ያያል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያቺን ጫማ አልረሳኋትም፣ ግራ ማሰሪያዋ ተፈትቶ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ።

አለቃ ቀበቶዬን ወሰደ፣ ደሞዜንም ቀነሰ። አሁን ታች ነኝ፣ ገመድ ያዥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰማይ ላይ የኖረ ሰው አንጋጦ የሰው እግር ያያል።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፣ እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም፣ ብሎን ላይ ነኝ። ምን ላድርግለት። ብሎኖቹን ለይምሰል ነካ ነካ አድርጌ ልስጠው፣ ነገ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ጎንበስ ሲል ማንጠልጠያው ከኪሱ ይሾልካል፣ ሰንጢው ይወድቃል፣ እስቲ ያኔ ማን ይጮኻል፣ እኔ አልጮኽም፣ ምላሴን እነክሳለሁ። ወይም ይህቺን ማጣበቂያ፣ ብሎን እንዳይላላ የምትቀባውን፣ አንድ ጠብታ ማጠፊያው ላይ፣ እስከ ነገ ድንጋይ ትሆናለች፣ ሸራው በንፋስ ሲነሳበት ገመዱን ልቁረጥ ብሎ ይጎትታታል፣ አትከፈትም፣ ይጎትታታል፣ ሠራተኛው ሁሉ አንጋጦ ያየዋል፣ ሊፍቱ ቆመ ይላሉ፣ መብራት ጠፋ። ሳቄ መጣ። የሚወድቅ ነገር ግን ባለቤቱ ላይ አይወድቅም፣ ያ ነው ክፋቱ፣ ታች ባለው ላይ ነው የሚወድቀው፣ ነገ ታች ያለው ማን ነው፣ እኔ። በገዛ እጄ አላልቼ በገዛ አናቴ። አይ በቀል፣ አንተም ሂሳብ አታውቅም።

እታለም ከጓዳ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች፣ እጇ አረፋ ነው። አልጨረስክም እንዴ ወንድሜ። ልጨርስ ነው እታለም። አደራ በደንብ አጥብቀው፣ ነገ ከፍ ያለ ቦታ ነው አሉ፣ መቼም የወደቀ ቢላ ምን እንደሚያደርግ ለአንተ አይነገርም። ብላኝ ገባች። ለአንተ አይነገርም። ታላቄ ናት፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም እሷው ናት፣ እና እኔ እንደጣልኩት አመነች፣ አንድ ቀን እንኳን እውነት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፣ ጮኸሃል አይደል አለች፣ የባሏን ሕግ ተምራለች። እጄን ይዛ ሾፌሩ ቤት ወሰደችኝ፣ ይቅርታ በል አለችኝ፣ በአርባ ዓመቴ፣ እንደ ተማሪ ደጃፉ ላይ ቆሜ ይቅርታ አልኩ፣ ሾፌሩ ፊቱን አዞረ፣ ሊፍቱም አብሮን መጥቷል፣ ለታማሚው ብርቱካን በፌስታል ይዞ፣ አፍሮ እንኳን አይቀርም፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ያ የብርቱካን ፌስታል አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ገንዘቡም ቀበቶውም ይቅር። እሷ እንድታውቅ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግ፣ እሷ ትወቅ።

ቆይ። ቆይ ቆይ። ይህ ማንጠልጠያ ለምን በዚህ በኩል ሆነ። ፋብሪካው ለቀኝ ኪስ ነው የሚሠራው፣ ለግራኝ ሰው ደግሞ በዚያኛው ጎን ሦስት ቀዳዳ ይተዋል፣ ፈልገህ ካልቀየርከው በስተቀር ግራ አይገኝም። ይህ ግራ ነው። ቀኙ ላይ ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ጥርሳቸው ደህና ነው፣ ግራው ላይ ግን ብሎኑ ጠማማ፣ ጭንቅላቱ ተበልቶ፣ ዙሪያው ተፍቆ፣ በማይመች እጅ የተሠራ። ሊፍቱ ግራኝ አይደለም። ሊፍቱ በቀኝ እጁ ዓይኑን ጨፍኖ ገመድ የሚቋጥር ሰው ነው።

የብርቱካኑ ፌስታል። በግራው ነበር። ቀኙ ባዶ ነበር፣ በግራው ይዞ በክርኑ ነው በሩን ያንኳኳው። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያቅፋል፣ በረደህ እንዴ ብዬ ሙድ ይዤበታለሁ። ሰላም ሲል አንጓውን ነው የሚዘረጋው፣ እጄ ቆሽሿል ይላል፣ ከታጠበም በኋላ ቆሽሿል። እታለም የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት አየሁ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ አሁንም ፍቅር ላይ ናቸው ብዬ ቀናሁ፣ ቂሉ እኔ። እሷም ታውቃለች ማለት ነው፣ እጁን ታውቃለች፣ ቢላውን ግን አታውቅም፣ ሁለቱን አላገናኘችም፣ ወይ ፈራች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ቢላው አላመለጠውም፣ እጁ ነው ያመለጠው። ያኔ ቢጮኽ ሁለተኛ ብረት አይወጣም ነበር፣ ስለዚህ ዝም አለ፣ በኔ ጩኸት የኔን ቀበቶ ሸጦ የእሱን አዳነ።

አዘንኩለት እንዴ። ትንሽ ሆዴ ባባ፣ ይህ ሆድ ደግሞ ወገን የለውም። ቢነግረኝ እኮ፣ ወንድሜ እጄ አልታዘዝ አለኝ ቢለኝ፣ በሠራተኛው ፊት አታዋርደኝ ቢለኝ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት ብዬ አለቃ ፊት ራሴ እቆም ነበር፣ እምላለሁ፣ ለእሷ ስል። ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር፣ ሰረቅኸኝ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ደግሞ ነገ ሰባተኛ ፎቅ፣ በዚያ እጅ፣ እኔ ከታች፣ ሾፌሩ ከጎኔ፣ ሊገድለን ነው እኮ ይህ ሰው። ገዳያችን ፈገግ ብሎ አጥብቅልኝ ይላል።

እሺ ጋሼ። አጠብቅልሃለሁ።

ሦስቱንም እፈታለሁ፣ የተበላችውን እጥላለሁ፣ ሳጥኔ ውስጥ ልኳ አለ፣ እንዳትረዝም ግን፣ ከረዘመች ገብታ ስለቱን ትነክሳለች፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጫፍ አጸዳለሁ፣ ለእያንዳንዷ አንዲት የማጣበቂያ ጠብታ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች፣ ማጠፊያው ጋ አላደርስም፣ ሥራ ሥራ ነው። እና ማንጠልጠያውን ወደ ቀኝ። ቀኝ ኪስ። ፋብሪካው እንዳዘዘው፣ ጤነኛ ሰው እንደሚይዘው። አንደኛዋን ግማሽ፣ ሁለተኛዋን ግማሽ፣ ሦስተኛዋን፣ ከዚያ ሁሉንም ትክክል አጠብቃለሁ፣ በአውራ ጣቴ እገፋዋለሁ፣ ንቅንቅ የለም። እንዲህ ያማረ ሥራ ለወዳጄም ሠርቼ አላውቅም። ሙሉ ሰዓት እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ሦስት ወር የጠበቀ ሰው ሰዓት አይከብደውም።

ና፣ አልቋል፣ እላለሁ ወደ መኝታ ቤቱ።

ይመጣል፣ ባዶ እግሩን፣ ጉንጩ ላይ የትራስ መስመር አለ። ሠራኸው አይደል፣ አላልኩም እንዴ፣ ይላል፣ ግራ እጁን ይዘረጋል። እኔ አልሰጠውም። ሰንጢው ታጥፏል፣ ያዝ እላለሁና ወደ ቀኙ እወረውርለታለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ለሕፃን ኳስ እንደሚወረወር። ቀኝ እጁ ይነሳል፣ ልማድ ነው፣ የዕድሜ ልክ ልማድ፣ ሰንጢው መዳፉ መሀል ያርፋል፣ በትክክል ያርፋል፣ ጣቶቹ አይታጠፉም። ወለሉ ላይ ጓ ይላል።

እሱ እጁን ያያል። እኔም እጁን አያለሁ። ከዚያ ዓይን ለዓይን፣ እንዳወቅኩ ያውቃል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ መጀመሪያ አይሰማም፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣ ራስ፣ ይላል። ሦስት ወር ዘግይቶ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር፣ አልጠጣም፣ አይ፣ ልዋሽ አይደል፣ ትንሽ ጠጣ።

አልሰማሁም፣ እለዋለሁ። ታች ላለ ሰው እንዲህ አይሰማም።

እታለም በሩ ላይ ቆማለች፣ ከእጇ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ላይ ያለውን ሰንጢ ታያለች፣ ከዚያ እኔን፣ እሱን አይደለም፣ እኔን። ደግሞ ጣልከው፣ ትላለች። አፌ ይከፈታል፣ ሁሉም ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ እጁ፣ ግራ ኪሱ፣ ብርቱካኑ፣ ሁሉም፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ዝም ማለትን ከእሱ ነው የተማርኩት፣ ጥሩ አስተማሪ ነበር። እሱ ወደ ታች ያያል፣ ጫማ የለውም፣ የሚያየው ማሰሪያ የለም፣ የራሱ ጣቶች ብቻ። ጓዳ ቧንቧው አልተዘጋም፣ ይፈሳል፣ ልትዘጋው አትሄድም።

እኔ ነኝ፣ ይላል። ያኔም እኔ ነበርኩ።

እህቴ እርጥብ እጇን በሩ መቃን ላይ ታሳርፋለች፣ ቀኝ እጁን ታያለች፣ ቀስ እያለ ይገባታል፣ ከዚያ እኔን ለማየት ትሞክርና ዓይኗ አይደርስም። ጎንበስ ብዬ ሰንጢውን አነሳለሁ፣ በአውራ ጣቴ ማንጠልጠያውን እገፋዋለሁ፣ አልላላም።