ነፋሴ የማይገፋው ሸራ

እኔ ኦሌታ ነፋስ ቋጣሪ ነኝ። የናኩሮ ደሴት ነፋስ በኮኮናት ገመድ ተቋጥሮ የሚንጠለጠለው በኔ ጣሪያ ሥር ነው። ታንኳ ሊወጣ ሲል አንድ ቋጠሮ እፈታለሁ፤ ሸራው ይወጠራል፣ ሰዎቹም ወደሚሄዱበት ይሄዳሉ። ከኔ ሌላ ዓሣ ጠሪ አለን፣ እያንጎራጎረ ጎደሬ የሚያሳድግ ሰውዬም አለን። ዝናብ ጠሪም አለችን፤ እሷን ባላነሳት ደስ ይለኝ ነበር። ቱፓኢ ትባላለች፣ ጎረቤቴ ናት፣ ምንጣፌን አጥቤ እስካሰጣ ጠብቃ ነው ዝናቧን የምትጠራው።

የሁላችንም አስማት አንድ ክፉ አመል አለው፤ ለገዛ ሥጋ አይሠራም። የዓሣ ጠሪው ልጆች ዓሣ የሚበሉት ከሰው ለምነው ነው። ወንድሜ ባህር ሲወጣ ነፋሴ ስለማይገፋው ሲቀዝፍ ይውላል። የቱፓኢ ዝናብ ደግሞ የልጇ አጥር ጋ ሲደርስ ያቆማል። እሰይ፣ ደግ አደረጋት!

ልጄ ሌሜያ የቲሪማ ደሴት ልጅ ወደደች። ካሮማ ይባላል። ያለ ቦታው ከመሳቁ በቀር እንከን አላገኘሁበትም፣ ያንንም ያገኘሁት ፈልጌ ፈልጌ ነው። በሠርጉ ቀን እናቱ ቫይቱና ልጄን በእጇ ጎደሬ አጎረሰቻትና፣ "ከዛሬ ጀምሮ የኛ ሥጋ ናት" አለች። ወጉ ይኸው ነው። የነሱ ሥጋ ከሆነች ደግሞ የኔ ነፋስ ይገፋታል ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ሊሸኛት ባህር ዳር ወጣ፤ እኔም ትልቁን ቋጠሮዬን ይዤ ወረድኩ።

ፈታሁት። ነፋሱ ዛፉን ሁሉ አስጎንብሶ፣ የሽማግሌዎቹን ባርኔጣ ጠራርጎ ሄደና ታንኳዋ ጋ ሲደርስ ጭጭ አለ። ሸራው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

"እናቴ፣ እስቲ ሌላ ይሞክሩ" አለኝ ካሮማ። አሁን እንኳን አልሳቀም።

ሌላ ፈታሁ። ያው ነው።

"ሆን ብለሽ ነው!" ብላ ጮኸች ቫይቱና። "ልጅሽን ልትነፍጊን ነው! ነፋስ እምቢ ያላትን ሙሽራ ቤቴ አላስገባም፤ ገድ የላትም። ካሮማ፣ አውርዳት!"

"እኔ ምን አደረግኩ? ስፈታ እያየሽኝ!"

ሌሜያ ከታንኳዋ ወርዳ እጄን ያዘችኝ። "እማ፣ በሞቴ ልቀቂኝ።"

"ለቅቄሻለሁ እኮ፣ የኔ ልጅ። እምቢ ያለው ነፋሱ ነው።"

እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር። ቢያጎርሷትም፣ የኛ ናት ቢሉም፣ ልጄ አሁንም የኔው ሥጋ ናት፤ ነፋሴ መሰከረ። ከዚያ ግን ፊቷን አየሁት። ካሮማን እያየች ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ትዳሯን ላፈርስባት ነው እንዴ የወለድኳት?

ቱፓኢ ከሰው ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሸንኮራዋን ትመጥጣለች። ሄድኩ።

"ያንቺ ዝናብ የራሱ ነፋስ ይዞ ይመጣል አይደል?"

"ይመጣል።"

"ጥሪልኝ።"

"ሞኝሽን ፈልጊ! ትናንት ለምንጣፍ ብለሽ ስትሰድቢኝ አልነበር?"

"ኧረ በልጅሽ ይዤሻለሁ!"

ሸንኮራዋን ከአፏ አወጣች። "እንግዲያው ዝናብ ከነፋስ ይበልጣል በይ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ። "ይበልጣል" አልኩ።

"አልሰማሁም።"

"ዝናብ ከነፋስ ይበልጣል!"

ቱፓኢ ተነሥታ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ዝናቡ ከተራራው ጀርባ እየተንጎማለለ መጣ፤ ነፋሱንም ይዞ መጣ፤ ሸራው ተወጠረ። ቫይቱና ታንኳዋ ውስጥ ፈቀቅ ብላ ለልጄ ቦታ ለቀቀችላት። ሌሜያ እጇን እያውለበለበች ከዓይኔ ራቀች። እንባዬ ይሁን ዝናቡ አላውቅም፣ ፊቴ ራሰ። ዞር ብል ቱፓኢ ሰፊ የጎደሬ ቅጠል ራሴ ላይ ይዛልኝ ቆማለች። ተጠግቼ ከሥሩ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ በቲሪማ በኩል ሸራ ብቅ ባለ ቁጥር ሳልጠየቅ አንድ ቋጠሮ እፈታለሁ። ታንኳዎቹ እየበረሩ ይገባሉ፤ ነጋዴዎቹ ያመሰግኑኛል፤ እኔ ደግሞ አዝኜ ቤቴ እገባለሁ። ቱፓኢ፣ "ነፋስሽን ጨረስሽው እኮ፣ ምን ሆነሻል?" ትለኛለች። አዲስ ቋጠሮ መቋጠር እጀምራለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባህር ዳር ከጎረቤቶቼ ጋር የተሰጣ ዓሣ ስንገለብጥ አንድ ሸራ ታየ። እንደ ልማዴ ፈታሁ። ነፋሱ ውሃውን እያጠቆረ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ታንኳዋ ጋ ሲደርስ ጭጭ አለ። ሸራው ተንጠለጠለ።

"ወይ ኦሌታ!" አለ የጎደሬው ሰውዬ። "አረጀሽ በቃ፤ ነፋስሽም ሞተ።"

ገመዱን ጣልኩት። "ቱፓኢ! ቱፓኢ፣ ዝናብሽን ጥሪ!"

"መጀመሪያ እስቲ በይ..."

"ይበልጣል! ይበልጣል አልኩሽ!" እያልኩ ቀሚሴን ሳልሰበስብ ወደ ባህሩ ገባሁ። "ጥሪ እንጂ፣ ልጄ መጣች!"