አቶ ገነነ የጻፉት የሕይወት ታሪክ

«ያን የመሰለ የስንዴ ሐኪም! እንግዲህ ዋጉን ማን ይመልስልን?» አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ለለቅሶ መጥተው ገና ድንኳኑ ውስጥ ከመቀመጣቸው።

ሸጋዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «የምን ስንዴ፣ እማማ?»

«የወንድምሽ ነዋ! አዴት ሠላሳ ዓመት የተመራመረው። በቀብሩ ለት ተነቧል አሉ።»

ሸጋዬ ታላቅ ወንድሟን አቶ ገነነን አየቻቸው። አቶ ገነነ ቡሬ ውስጥ የታወቁ ሰው ናቸው፤ በምን እንደታወቁ ባይታወቅም። የሟቹን የሕይወት ታሪክ የጻፉት እሳቸው ናቸው። «ላቀው በከፍተኛ ተመራማሪነት አገሩን አገለገለ» ብለው ዘጉት። ምን እንደተመራመረ አልጻፉም። ሰዉም ተመራማሪ ሲባል የሚያውቀው የአዴቱን የሰብል ምርምር ጣቢያ ነውና ስንዴውን ከራሱ ጨመረበት።

ላቀው ግን ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። በልጅነቱ የፈረስ ጭራ ለምኖ ማሲንቆ ቢሠራ፣ አባቱ «ዘሬን አዝማሪ ልታደርገው ነው?» ብለው አባረሩት። አዲስ አበባ ገብቶ ቫዮሊን ተማረ፤ አስተማረ፤ ኋላም አርባ ተጫዋች ፊት ቆሞ የሚመራ ሆነ። አንድ ቀን በቴሌቪዥን ይቀርባል ተባለና አቶ ገነነ ጠላ አስጠምቀው እኛን ጎረቤቶቻቸውን ሰበሰቡ። ላቀው ብቅ አለ፣ እጅ ነሣ፣ ዞረና ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጠ። አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል ብለን ጠበቅን። አልዞረም።

«ለሰው ጀርባ ሰጥቶ ስንጥር ያወዛውዛል! ሌላው ይሠራል፣ እሱ ያዛል!» ብለው አቶ ገነነ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረጉት። ማዘዝ ነውር መሆኑን ከአቶ ገነነ አፍ የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ላቀው ጡረታ ሲወጣ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቶ ልጆች ማስተማር ጀመረ። ሸጋዬ ገበያ ሄድሁ እያለች ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ሊሞት ሰሞን «በሣልስቴ ልጆቹ ይጫወቱልኝ» አላት። እሺ አለችው።

ዛሬ ሣልስቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ አምስት ተማሪዎች ሳጥናቸውን አዝለው ከሚኒባስ ወረዱ። አቶ ገነነ በከዘራቸው የድንኳኑን በር አገዱ።

«በአባቴ ደጅ አዝማሪ አይቆምም።»

«አደራ አለብኝ፣ ጋሼ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ስንዴም ብሏል።»

አቶ ገነነ ፊታቸው ጠቆረ። «ከአጥር ውጭ ይገተሩ! መንገዱ የመንግሥት ነው።»

ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ በግማሽ ክብ ቆሙ። ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር ሸጎጡ። ከዚያ ዝም።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለቻቸው ሸጋዬ ተከትላቸው ወጥታ።

ትልቋ ተማሪ ያምሮት አንገቷን ደፋች። «የሚመራን እጅ ከፍ ሳይል አንጀምርም፣ እትዬ። እጁ ሳይወርድም አናቆምም። ጋሽ ላቀው እንዲህ ነው ያስለመዱን።»

ሸጋዬ ግራ ቀኟን አየች። የሚመጣ የለም። ከፊታቸው ሄዳ ቆመችና ጥጥ ስትፈትል የኖረችበትን ቀኝ እጇን አነሣች።

ጀመሩ። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው ቆመ። መጀመሪያ ወይዘሮ ንግሥቴ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ወጡ፤ ቀጥሎ እኛም ወጣን። ድንኳኑ ለአቶ ገነነና ለንፍሮው ቀረ።

ቆየ። የሸጋዬ እጅ ዛለ። ዝቅ ሊል ሲል በግራ እጇ ክርኗን ደግፋ ያዘችው።

አቶ ገነነ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አሰገጉ። «አንቺ፣ ይኸ ጉድ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሸጋዬ አልዞረችም።

«እጄን ሳወርድ፣ ጋሼ።»