ባለወናፉ የአለቃ ልጅ

ወልደአረጋይ የአለቃ ልጅ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው አንኮበር ውስጥ አልነበረም፤ ቢገኝም ወልደአረጋይ ራሱ ሳይነግረው አያድርም። አባቱ በሕይወት ሳሉ በቅኔያቸው የተከበሩ ሊቅ ነበሩ። ልጁ ግን ከዳዊት ሳያልፍ የዓይን ሕመም ያዘው። ሕመሙ መጽሐፉ ሲዘጋ ወዲያው የሚሽር ዓይነት ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን ትቶ፣ ርስቱንና የአባቱን ስም ወርሶ፣ ይመኙሻል የምትባል አስተዋይ ሴት አግብቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ግቢው ተቀምጦ ሹመት ይጠብቅ ጀመር። ሹመቱ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር በደጁ ያልፍና ሌላ ሰው ቤት ይገባል።

በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥቱ የእጅ ሥራ ወድዶ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ነፍጥ ያድሳሉ፣ ጎራዴ ይሞርዳሉ፣ የበር ማጠፊያ ይሠራሉ። በአንድ የበዓል ግብር ላይ ወልደአረጋይ አንዱን ነፍጥ አዳሽ ፈረንጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጥላሸት በለበሰ እጁ ከመኳንንቱ ጋር ሲጎርስ አየው። እሱ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ የመጣው ሰው፣ በበሩ በኩል ከሚገባው ጉም ጋር ተጋፍቶ ነበር የተቀመጠው። የዚያን ቀን የበላው አልተስማማውም።

ቤቱ ሲመለስ ለይመኙሻል ቤቱ ውስጥ የብረት ሥራ ሊያቋቁም መቁረጡን ነገራት። ባሏ እስከዚያች ቀን ድረስ ቀጥቃጭ ባለፈበት መንገድ ሲያልፍ በነጠላው አፉን የሚሸፍን፣ ቡዳ ነው ብሎ የሚያማትብ ሰው ነበር። ያን ስታስታውሰው አልተደናገጠም። ነገሩን በመንገድ ሳለ አስቦበታል። የአገር ቤቱ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት የፍየል ስልቻ በእጁ እየጨመቀ እሳት ስለሚያናፋ ቀጥቃጭ ተባለ። የፈረንጁ ወናፍ ግን ከመሬት በተተከለ እንጨት ላይ እንደ ጳጳስ ወንበር ቆሞ ይታያል፤ ስለዚህ ፈረንጁ ጠቢብ ተባለ። ልዩነቱ ሌላ ምንም አይደለም፣ ወናፉ ነው።

«መዶሻውንስ ማን ይመታል?» አለች።

«መዶሻማ ማንም ይመታል። ብረቱን የሚያቀልጠው ነፋሱ ነው። እኔ የነፋሱ ባለቤት እሆናለሁ።»

መዶሻ መቺ ተብሎ የታሰበው ከከተማው ግርጌ ከወንዙ ዳር የሚኖረው ገብረአብ ነበር። ገብረአብ ጎበዝ ባለእጅ ነው፤ ጎበዝነቱን ደግሞ ለሌላ ሰው አይተውም፣ ራሱ ያወራዋል። ከሸዋ እስከ ጎንደር እንደኔ ማጭድ የሚስል የለም ይላል፤ ጎንደርን ግን አይቶ አያውቅም። ወልደአረጋይ አብረን እንሥራ ሲለው፣ የአለቃ ልጅ ከእኔ ጋር ሊሠራ ነው ብሎ ትንሽ ኮራ፣ ትንሽም ጠረጠረ። ቢሆንም ተስማማና ለገበያ ቀን አብረው ወደ አሊዩ አምባ ወረዱ። ወልደአረጋይ በበቅሎው ፊት ፊት ይሄዳል። ገብረአብ ሰው አብረው ናቸው እንዳይል ተብሎ ወደኋላ ቀርቶ በእግሩ ይከተላል።

አሊዩ አምባ ሲደርሱ ፀሐዩ የቆላ ነበር። ፈረጅ የተባለው ነጋዴ ከባሕር ዳርቻ በግመል የሚያስመጣውን ዕቃ ከጨው ክምሩ ጀርባ አስቀምጦ ይሸጥ ነበር። ወናፍ እንደሚፈልጉ ሲሰማ ሁለቱን በአንድ ዓይኑ መዘነ፤ ከዚያ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ወልደአረጋይ አዞረ። መጀመሪያ አዲስ የተለፋ የፍየል ስልቻ አሳያቸው። ቀጥሎ በሁለት ሳንቃ መካከል ቆዳ የተሰፋበት፣ አህያ የሚሸከመው፣ ለአንድ ሰው ቤት የሚበቃ ልከኛ ወናፍ አወጣ። ይህ አስተዋይ ሰው የሚገዛው ስለነበረ ወልደአረጋይ አላየውም። ዓይኑ ከጥጉ በጨርቅ ከተሸፈነ ነገር ላይ ቀርቷል።

ፈረጅ ጨርቁን ገለጠ። ትልቅ ነው። ባንድ በሬ ቆዳ የሚያልቅ አይመስልም። ሳንቃዎቹ የበር ያህላሉ፤ የሚተከልባቸው ምሰሶዎች ከጎኑ ተጋድመዋል። ለአንድ ፈረንጅ ታዞ የመጣ ሲሆን ፈረንጁ ሳይረከበው በረሃ ላይ በንዳድ እንደ ሞተ ፈረጅ በሐዘን ተናገረ። ሐዘኑ ለፈረንጁ ይሁን ባለቤት አጥቶ ለተቀመጠው ዕቃ አልታወቀም። ሌላው ወናፍ እጅ ሲደክም ነፋሱም ይደክማል፤ ይህ ግን በላይኛው ሆዱ ነፋስ ያጠራቅማል፣ ሰው እጁን ቢያነሣም እሱ መተንፈሱን አያቆምም አለ። ይህ እውነት ነበር። ወልደአረጋይ ግን ስለ ነፋሱ አልጠየቀም።

«ከቤተ መንግሥቱ ይበልጣል?» አለ።

«ወላሂ ጌታው፣ የቤተ መንግሥቱን አላየሁም። ከዚህ የሚበልጥ ግን አይቼ አላውቅም።»

ገብረአብ የፍየሉን ስልቻ አንሥቶ እያገላበጠ ነበር። ከአባቱ የተማረው በስልቻ ስለሆነ ከስልቻ ሌላ ወናፍ አለ ብሎ አያምንም። «ጌታዬ፣ እኛ ወናፍ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ክብደቱን ነው» አለ። «ሲያባርሩን በትከሻችን ይዘነው እንድንሄድ።»

ወልደአረጋይ እኔን ማን ያባርረኛል ብሎ ሳቀ። ፈረጅም አብሮት ሳቀ፤ ገዢ ሲስቅ ሻጭ አይኮሳተርም። በቅሎዋ ለፈረጅ ቀረች፣ ወናፉ ተገዛ።

ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣም፤ በቅሎ ደግሞ እንዲያ ያለ ጭነት አይችልም። ስለዚህ ወናፉ በጨርቅ ተሸፍኖ በቃሬዛ ላይ ተጋደመና ሰዎች ተሸከሙት። ወልደአረጋይ በቅሎው ስለሌለው አንገቱን ደፍቶ፣ ላብ እያጠመቀው ከኋላ ይከተላል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ይህን አይተው አንድ ትልቅ ሰው በቆላ ሞቶ አስከሬኑ ወደ ደጋ እየወጣ መሰላቸው። አንዷ እንጉርጉሮ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ወልደአረጋይ ምንድነው የምታለቅሱት፣ ወናፍ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን የአለቃ ልጅ በቅሎውን ሰጥቶ ወናፍ ገዛ ከሚባል ሐዘንተኛ መባል ተሻለውና አፉን መልሶ ዘጋ። እስከ ከተማው በር ድረስ ሲያለቅሱለት ወጣ።

ወናፉ በበሩ አልገባም። ውጭ ዳስ ሠርቶ ማኖር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ዳስ የቀጥቃጭ ነው። ስለዚህ እንግዳ የሚቀበልበት እልፍኝ ግድግዳ እንዲፈርስ አዘዘ። ይመኙሻል ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ለዚህ ነው አለች፤ ማንም አልሰማትም። ጭቃው ተናደ፣ ማገሩ ተቆረጠ፣ የአንኮበር ብርድ እንደ ዘመድ ሳይጠራ ገባ። ምሰሶዎቹ አባቱ ምንጣፍ አንጥፈው ደቀ መዝሙር ያስተምሩበት ከነበረው ቦታ ላይ ጠልቀው ተተከሉ።

ሥራው በሚጀመርበት ቀን ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። የንስሐ አባቱ አባ ወልደተንሣኤ አዲስ ጥምጥም ጠምጥመው ከእሳቱ ፊት ለፊት የክብር ቦታ ያዙ። ወልደአረጋይ ያልቆሸሸ የቆዳ ሽርጥ ታጥቆ፣ የመጀመሪያውን ነፋስ እኔ ነኝ የምነፋው ብሎ እጀታውን በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ወናፉ ጉልበት ነበረው፤ ያ አይታማም። ከሰሉ ከምድጃው ተነሥቶ ሄደ፤ አመዱ እንግዳውን ሁሉ አለበሰ። አባ ወልደተንሣኤ ከነጥምጥማቸው ግራጫ ሆነው ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተቀመጡ። ከዚያ ይባርክህ ብለው ሳይባርኩ ወጡ።

ገብረአብ እጁ ሲገባበት ግን ወናፉ ድንቅ መሆኑ ታየ። ሁለት ሰው ይነፋዋል፣ እሱ ይመታል፣ እሳቱ አይከስም። ከስልቻ ሌላ ወናፍ የለም ሲል የነበረው ሰው፣ አሁን ይህን ዓይነቱን ድሮም ከእኔ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም ማለት ጀመረ። ሰናድር ጠመንጃ የተሰበረበት፣ ማረሻ የዶለዶመበት ሁሉ መጣ። ወልደአረጋይ በሽርጡ ከወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ነፋሴ እንዴት ነው እያለ ባለጉዳዩን ይጠይቃል። ምሳ ሲደርስ ለገብረአብ ከቤት ውጭ፣ ለብቻው፣ በስባሪ ገል ይሰጠዋል።

ክረምቱ ገባ። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ቤት ለቤት ሲዞር፣ የጎረቤታቸው የብርሃነ መስቀል ሚስት ደረቷን ታመመች። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ታስላለች፣ ታቃትታለች። በብርድና በጭስ መካከል ለምትኖር ሴት ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከአጥሩ ማዶ ያ ትልቅ ሆድ ቀኑን ሙሉ ሲተነፍስ ይሰማል፤ እሱ ሲስብ እሷ ትንፋሽ ያጥራታል የሚል ሰው አልጠፋም። ሳይውል ሳያድር ብርሃነ መስቀል ዘመዶቹን አስከትሎ፣ ዱላ ይዞ በፈረሰው ግድግዳ በኩል ገባ። ቡዳው የሚስቴን ትንፋሽ በወናፍ እየሳበ ነው፣ ተፍቶ ይልቀቃት አለ።

ሁሉም ወደ ወልደአረጋይ ዞሩ። ገብረአብም መዶሻውን ይዞ ዞረ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ወልደአረጋይ ዱላዎቹን አየ፣ ሽርጡን ፈታ።

«ነፋሱ ነው የኔ» አለ። «ዓይኑ የሱ ነው።»

ገብረአብ የቀድሞ ስልቻዎቹን ከጥግ አንሥቶ በትከሻው አንጠለጠለ፣ መዶሻውን ያዘ፣ ለሚ ወደሚባለው አገር በሚወስደው መንገድ ሄደ። ቤቱን ለማየት እንኳ ወደ ወንዙ አልወረደም። ወልደአረጋይ ያን ዕለት ሙሉ ስለ ቡዳ ክፋት ለሚሰማውም ለማይሰማውም ተናገረ።

ሴትዮዋ ግን አልተሻላትም፤ ጉሙም አልሄደም። ሌሎችም ማሳል ጀመሩ። ቀጥቃጩ የለም። ያለው ወናፉ ነው፤ ከወናፉ ጋር ያለው ደግሞ ወልደአረጋይ ነው። እናቶች እሱ ሲያልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። በማኅበር ላይ ዋንጫው እየዞረ መጥቶ እሱ ጋ ሲደርስ ዘለለው፤ ለእሱ በቅል ቀዱለት። አባ ወልደተንሣኤ ዘንድ ሄዶ የትውልዱን ንጽሕና ለሕዝቡ እንዲመሰክሩለት ለመነ።

«አባትህ ሊቅ እንደነበሩ እመሰክራለሁ» አሉት። «ወናፉ ግን አንተ ቤት ነው ያለው።»

ይመኙሻል መጥረቢያ አመጣች። ሳንቃው ለማገዶ፣ ቆዳው ለጫማ ይሁን፣ ግድግዳውን እንድፈን፣ ሰው ይረሳል አለችው። ወልደአረጋይ መጥረቢያውን ነጥቋት ከአልጋው ሥር ደበቀው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ የብርሃነ መስቀል ሚስት ድና ጭራሮ ልትለቅም ወጣች፤ ይህን ግን ማንም ለወናፉ አልቆጠረለትም።

የመስቀል ሰሞን ዘመቻ ታወጀና ባለእጅ ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ይክተት ተባለ። የቤተ መንግሥቱ ወታደሮች ሠፈሩን ሲያስሱ ባለእጅ የት አለ ቢሉ፣ በአንድ ነገር ተስማምቶ የማያውቀው ጎረቤት ሁሉ ባንድ አፍ ወደ ወልደአረጋይ ቤት ጠቆመ። ወልደአረጋይ ወጥቶ የማን ልጅ እንደሆነ ነገራቸው፤ እጁንም ዘርግቶ አሳያቸው። ለስላሳ ነበር። የወታደሮቹ አለቃ እጁን አይቶ ተጠራጠረ። ሊተዉት ነበር። ሲመለስ ግን በፈረሰው ግድግዳ በኩል ወናፉን አየና ቆመ። ድሮ በቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ዘብ የቆመ ሰው ነበር።

«እኔ ይህን የሚያህል እዚያም አላየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የማን ነው?»

ይመኙሻል የባሏን ፊት አየች፤ ክንዱንም ያዘችው። የሟች ፈረንጅ ነው ቢል፣ የሄደ ቀጥቃጭ ነው ቢል፣ ወናፉን ወስደው እሱን ይተዉት ነበር። ወልደአረጋይ ግን ደረቱ በነፋስ ሞልቶ ነበር።

«የኔ ነው» አለ።

ወናፉ ተነቅሎ በሰው ሸክም ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ተጓዘ፤ ባለቤቱም ተከተለ። እዚያ የተሰበሰቡት ባለእጆች የአለቃ ልጅ መሆኑን ሰምተው መዶሻ ሰጡት። ጦር ሊያቃና ሞክሮ ቀለበት አደረገው። ከዚያ ወዲያ ወደ ወናፉ እጀታ መለሱት። ሲነጋ ጀምሮ ይነፋል፤ ንፋ ሲሉት ይነፋል፣ በቃ ሲሉት ይቆማል። መጀመሪያ ከነሱ ጋር መብላት በቡዳ ያስበላል ብሎ ጾሙን ዋለ። ቀጥሎ ርቦት ተጠጋ። ቦታ ለቀቁለት፤ ከመካከላቸው በገል የሰጠው የለም።

ዘመቻው ሲያልቅ በእግሩ ተመለሰ። ወናፉን ግምጃ ቤት አስቀርቶታል። ጎረቤት የት ነበርክ ሲለው ከቤተ መንግሥት ተጠርቼ አለ፤ ውሸት ስላልነበረ የሚያስተባብለው አልተገኘም። ይመኙሻል ግድግዳውን አስደፍናዋለች። ከምድጃው ዳር አስቀምጣ የተላጠ መዳፉን ቅቤ ቀባችው።

«ምን ሾሙዎት?» አለችው።

«ያለ እኔ እሳቱ አይነድም ነበር» አለ።

ይመኙሻል ሌላኛውን እጁን እንዲሰጣት ጠየቀችው።